ሙከራው በሽተኛውን፣ በሽተኛው ሙከራውን ሲፈላለጉ

ፈተናው ሲያዩት ቀላል ነው። በሆስፒታል ኮሪደር ላይ 30 ሜትር ይለካል፤ በሽተኛው በራሱ አቅም ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል፤ ከደከመው ግድግዳ ተደግፎ ያርፋል፤ ስድስት ደቂቃ ሲሞላ የሄደው ርቀት ይመዘገባል። በ2013 መጨረሻ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ኤቲቲአር-አክት የተባለው የመድኃኒት ሙከራ ተሳታፊዎችን መቀበል ሲጀምር፣ ከመግቢያ መስፈርቶቹ አንዱ ይኸው የስድስት ደቂቃ ጉዞ ነበር። ከ100 ሜትር በላይ መሄድ ያልቻለ ሰው አይገባም። ልቡ ከሁሉ የከፋበት፣ መድኃኒቱን ከሁሉ አብልጦ የሚፈልገው ሰው ደጅ ላይ ቀረ ማለት ነው።

መስፈርቱን ያወጡት ሐኪሞች ምክንያት ነበራቸው። ሙከራው ሠላሳ ወር ይፈጃል፤ የሚሞከረው መድኃኒት የበሽታውን ጉዞ ይገታል ተብሎ ይጠበቃል እንጂ የፈረሰውን አይጠግንም። ጥቂት ወራት ብቻ የቀሩት ሰው መድኃኒቱ ሠርቶ እንደሆነ ለማየት ጊዜ አይሰጥም። ይህን ሁሉ ተረድቼም ቢሆን ነገሩ ያሳስበኛል። ስለ ብርቅዬ በሽታ ሙከራ ስንነጋገር መጀመሪያ የምንጠይቀው “ሙከራው የት አለ?” ብለን ነው። የዚህ በሽታ ታሪክ ግን ከዚያ በፊት ሌላ ጥያቄ እንዳለ ያሳያል፦ በሽታው ሰውየው ገና መራመድ ሳያቅተው ታውቆለታል ወይ? ብዙ ሕይወት ያለፈው በእነዚህ በሁለቱ ጥያቄዎች መካከል ነው።

በሽታው የትራንስታይሬቲን አሚሎይድ የልብ ጡንቻ በሽታ ይባላል። ትራንስታይሬቲን ጉበት የሚሠራው ፕሮቲን ነው፤ ሥራውም የታይሮይድ ሆርሞንንና ቫይታሚን ኤን በደም ውስጥ ተሸክሞ ማድረስ ነው። አራት ክፍሎች ተያይዘው ይሠሩታል። ክፍሎቹ ሲላቀቁ ቅርጻቸው ይበላሽና እንደ ክር እየተጠላለፉ በልብ ጡንቻ ሕዋሳት መካከል ይከማቻሉ፤ ክምችቱ አሚሎይድ ይባላል። ልብ ግድግዳው ይወፍራል፣ ይደድራል፣ ደም ለመቀበል መለጠጥ ያቅተዋል። በሽተኛው እግሩ ያብጣል፣ ደረጃ ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ በመጨረሻም ተኝቶም መተንፈስ ይከብደዋል። መድኃኒት ባልነበረበት ጊዜ ከምርመራው በኋላ የሚቀረው ዕድሜ በአማካይ ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ተኩል ገደማ ነበር። በሽታው ሁለት መልክ አለው። አንደኛው በዘር የሚተላለፍ የዘረመል ለውጥ የሚያመጣው ነው። ሁለተኛው ምንም የዘር ለውጥ ሳይኖር በእርጅና የሚመጣው ሲሆን በብዛት የሚታየው ዕድሜያቸው ከስልሳ በላይ በሆኑ ወንዶች ላይ ነው።

በሽታው መጀመሪያ የታወቀው በልብ በኩል ሳይሆን በነርቭ በኩል ነበር። በ1939 በፖርቱጋል ፖርቶ ከተማ በሳንቶ አንቶኒዮ ሆስፒታል ኮሪኖ አንድራዴ የተባለ የነርቭ ሐኪም አንዲት የ37 ዓመት ሴት መረመረ። ሴትየዋ የመጣችው ፖቮዋ ዴ ቫርዚም ከተባለ የዓሣ አጥማጆች ከተማ ነው። እግሯ ይደነዝዛል፤ ሰውነቷ ከስቷል። የአገሬው ሰው ይህን ሕመም ከድሮ ጀምሮ ያውቀዋል፤ ከእናት ወደ ልጅ ሲወርድ አይቷል። አንድራዴ ግን ቤተሰቦችን እየተከታተለ፣ መዝገብ እየያዘ፣ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ በ1952 ብሬይን በተባለው መጽሔት አሳተመው። ከዚያ በኋላ ይኸው በሽታ በጃፓንና በሰሜን ስዊድን ተገኘ። በ1978 ፔድሮ ኮስታ የሚከማቸው ነገር ትራንስታይሬቲን መሆኑን አሳየ። ፕሮቲኑ የሚሠራው በጉበት ስለሆነ በ1990 የስዊድን ሐኪሞች ጉበት መለወጥን ሞከሩ። የብዙዎችን ዕድሜ አራዘመ፤ ነገር ግን ልብ ላይ ክምችቱ ከጀመረ ጉበት ቢቀየርም መከማቸቱን የሚቀጥልበት ጊዜ ነበር።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባ ነገር አለ። ፖርቱጋሎቹ ሐኪሞች ለበሽታው መድኃኒት ለመሞከር በተነሡ ጊዜ ተሳታፊ ፍለጋ አልተንከራተቱም፤ ስሙ፣ ቤቱ፣ የዘር ሐረጉ የታወቀ ሕዝብ ነበራቸው። ያ የአንድራዴ መዝገብ ፍሬ ነው። የልብ በሽተኞቹ ግን እንዲህ ያለ መዝገብ አልነበራቸውም። በየከተማው ተበትነው “የልብ ድካም” ወይም “የደም ግፊት ያወፈረው ልብ” ተብለው ይታከሙ ነበር። ዕድሜያቸው ከሰማንያ ያለፈ ሰዎች አስከሬን ሲመረመር ከአራቱ በአንዱ ገደማ ልብ ውስጥ ይህ ክምችት መገኘቱ ከብዙ ጊዜ ጀምሮ ይታወቃል። ብርቅዬ የተባለው በሽታ ብርቅዬ የሆነው በከፊል ማንም ስላልፈለገው ነው።

በ1997 የታተመ አንድ ጥናት ነገሩ ከታሰበው የከፋ መሆኑን አሳየ። ከአሜሪካ ጥቁር ሕዝብ መካከል ከመቶ አራት ገደማ የሚሆኑት በትራንስታይሬቲን ዘረመል ላይ ቁጥር 122 በሚባለው ቦታ ለውጥ እንደሚሸከሙ፣ ይህም ለውጥ በስተርጅና ልብን እንደሚያጠቃ አመለከተ። ሁሉም ተሸካሚ አይታመምም፤ ግን ቁጥሩ በመቶ ሺዎች ሳይሆን ከሚሊዮን በላይ ነው። የለውጡ ምንጭ ምዕራብ አፍሪካ ነው፤ በባሪያ ንግድ ውቅያኖስ ተሻግሯል። ኢትዮጵያዊ አንባቢ ጥቁርነቱን ብቻ ይዞ ወደ ራሱ ሊወስደው አይገባም። በእርጅና የሚመጣው መልክ ግን ዘር አይለይም።

ታዲያ መድኃኒት የሚሠራ ኩባንያ ለምን ይህን በሽታ ይፈልጋል? ለረጅም ጊዜ አልፈለገም፤ ምክንያቱም አንድ ጥሩ ሕግ ያመጣው ጎን ለጎን የሚሄድ ጉዳት ነበር። ታሊዶማይድ የተባለው መድኃኒት በአውሮፓ በሺዎች የሚቆጠሩ ሕፃናት አካል ጎድሎባቸው እንዲወለዱ ካደረገ በኋላ አሜሪካ በ1962 ሕጓን አጠበቀች። ከዚያ ወዲህ ማናቸውም መድኃኒት ጉዳት እንደሌለው ብቻ ሳይሆን መሥራቱም በሙከራ መረጋገጥ ነበረበት። ሙከራ ደግሞ ብዙ ገንዘብ ይፈጃል፤ ገዢው ጥቂት ከሆነ ኩባንያው ወጪውን አይመልስም። ጥቂት ሰው ብቻ የሚያጠቁ በሽታዎች እንዲህ ባለቤት አጡ። በ1970ዎቹ መጨረሻ ወላጆች ተሰባስበው ምክር ቤት ማንኳኳት ጀመሩ። ኩዊንሲ በተባለ ተወዳጅ የቴሌቪዥን ድራማ ላይ የሚተውነው ጃክ ክለግማን ጉዳዩን በድራማው አነሣው፤ በ1981 ደግሞ ራሱ በምክር ቤት ቀርቦ መሰከረ። በጥር 1983 የጸደቀውና በ1984 የተሻሻለው ሕግ በአሜሪካ ከ200,000 በታች ሰው ለሚያጠቃ በሽታ መድኃኒት ያወጣ ኩባንያ ለሰባት ዓመት ብቻውን እንዲሸጥና ለሙከራው የግብር ቅናሽ እንዲያገኝ ፈቀደ። የልብ አሚሎይድ መድኃኒቶች ሁሉ የበቀሉት በዚህ ሕግ መሬት ላይ ነው።

ሙከራዎችን በአንድ ቦታ የሚያሳየው የሕዝብ መዝገብም የበሽተኞች ትግል ውጤት ነው። ኤድስ ሰው በሚፈጅበት ጊዜ የትኛው ሆስፒታል ምን እየሞከረ እንደሆነ የሚያውቀው ሐኪም የሚያውቀው ሰው ብቻ ነበር። በሽተኞቹ ጮኹ፤ በ1988 የወጣ ሕግ የኤድስ ሙከራዎች እንዲመዘገቡ አዘዘ። በ1997 ሌላ ሕግ ይህን ለከባድ በሽታዎች ሁሉ አሰፋው፤ በየካቲት 2000 ክሊኒካል ትራያልስ ዶት ጎቭ ተከፈተ። በ2004 ታላላቅ የሕክምና መጽሔቶች አዘጋጆች ያልተመዘገበ ሙከራ ውጤት እንደማያትሙ አስታወቁ፤ ከዚያ በኋላ መደበቅ ከባድ ሆነ። የዓለም ጤና ድርጅት የየአገሩን መዝገቦች የሚያገናኝ መግቢያ ከፈተ፤ አፍሪካም ኬፕታውን ላይ የተመሠረተ የራሷ መዝገብ አላት። ዛሬ ስልክ የያዘ ሰው ሁሉ የሚያየው ያ ዝርዝር እንዲህ ተለፍቶበት የመጣ ነው።

መዝገቡ ቢከፈትም መተማመን አብሮ አልመጣም። የ122ቱን ለውጥ የሚሸከመው ሕዝብ ቱስኪጊን ያስታውሳል። በአላባማ ክፍለ ግዛት ከ1932 እስከ 1972 የመንግሥት ሐኪሞች ቂጥኝ ያለባቸውን ጥቁር ገበሬዎች ሳይነግሯቸውና ፔኒሲሊን እያለ ሳያክሟቸው እስኪሞቱ ይመለከቷቸው ነበር። ዛሬ የማናቸውም ሙከራ ተሳታፊ የሚፈርመው የስምምነት ቅጽና ሙከራውን የሚመረምረው የሥነ ምግባር ኮሚቴ በአሜሪካ በሕግ የጸኑት ያ ከተጋለጠ በኋላ፣ በ1974 ነው። አንድ ጥቁር ሽማግሌ “አልሞከርብኝም” ሲል አላዋቂ የሚያደርገው ሐኪም ታሪክ አያውቅም ማለት ነው።

ወደ መድኃኒቱ እንመለስ። በፖርቱጋል በሽታውን የሚያመጣውን ለውጥ ተሸክመው የማይታመሙ ወይም ቀለል ያለ ሕመም ብቻ የሚይዛቸው ሰዎች ነበሩ። ሲመረመሩ ከሌላው ወላጃቸው ሁለተኛ ለውጥ ወርሰው ተገኙ፤ ያ ሁለተኛው ለውጥ የፕሮቲኑን አራት ክፍሎች አጥብቆ ያያይዛል። አሜሪካዊው ኬሚስት ጄፈሪ ኬሊ ተፈጥሮ ያደረገችውን በክኒን ለመድገም ተነሣ። ክፍሎቹን የሚያጣብቀው ታፋሚዲስ እንዲህ ተወለደ። በ2011 አውሮፓ ለነርቭ በሽታው ፈቀደችው፤ የአሜሪካ መድኃኒት ተቆጣጣሪ ግን ማስረጃው አልበቃኝም አለ። ለልብ መሥራቱን ለማወቅ የተጀመረው ሙከራ መጀመሪያ ላይ ያነሣሁት ነው።

በ13 አገሮች 441 ሰዎች ገቡ። 264ቱ መድኃኒቱን፣ 177ቱ ፕላሴቦ፣ ማለትም መድኃኒት የሌለበትን አምሳያ ክኒን፣ በዕጣ ደረሳቸው። ማን የትኛውን እንደሚወስድ ሐኪሙም በሽተኛውም አያውቁም። የመጀመሪያው ዓመት አለፈ፤ በሁለቱ ወገኖች ሞት መካከል የጎላ ልዩነት አልነበረም። ልዩነቱ መታየት የጀመረው ከአሥራ ስምንት ወር ገደማ በኋላ ነው። በሠላሳ ወሩ መጨረሻ መድኃኒቱን ከወሰዱት 29.5 በመቶ፣ ፕላሴቦ ከወሰዱት 42.9 በመቶ ሞተው ነበር። ውጤቱ በ2018 ታተመ፤ በግንቦት 2019 መድኃኒቱ ተፈቀደ።

ስለ እነዚያ 177 ሰዎች ብዙ አይወራም። ከሙከራው በኋላ የተረፉት እውነተኛውን መድኃኒት እንዲወስዱ ተደርጓል፤ ተከታታዩ ጥናት ግን የዘገየው ጊዜ ሳይመለስ መቅረቱን አሳየ። አምስት ዓመት ሊሞላ ሲል ሙሉውን መጠን ከመጀመሪያው ከወሰዱት 44.9 በመቶ ሞተው ሳለ፣ በፕላሴቦ ጀምረው በኋላ ከተሸጋገሩት የሞቱት 62.7 በመቶ ነበሩ። ዛሬ አንድ በሽተኛ ታፋሚዲስ ሲታዘዝለት ይሠራል ተብሎ የሚነገረው እነዚያ ሰዎች ወሮቻቸውን ስለሰጡ ነው። እኔ ይህን ውለታ ከየትኛውም የኬሚስትሪ ግኝት አላሳንሰውም። ከ441ዱ ጥቁሮች 63 ነበሩ፤ የ122ቱ ለውጥም በሙከራው ከነበሩት የዘር ለውጦች ሁሉ የበዛው ነበር። ያ የቱስኪጊ ትዝታ ሳይጠፋ እነዚህ 63 ሰዎች መምጣታቸው መመዝገብ አለበት።

መድኃኒቱ ሲወጣ የተቆረጠለት ዋጋ በዓመት 225,000 ዶላር ነበር። በሌላ በኩል ቦስተን ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች ዲፍሉኒሳል የተባለ አሮጌና ርካሽ የሕመም ማስታገሻ ይህንኑ ፕሮቲን እንደሚያጸና አውቀው በመንግሥት ገንዘብ 130 የነርቭ በሽተኞች ላይ ሞክረው በ2013 ጥሩ ውጤት አሳትመዋል። የባለቤትነት መብቱ ያለፈበት መድኃኒት ስለሆነ ለልብ እንዲህ ባለ ትልቅ ሙከራ የሚፈትሸው ኩባንያ አልተገኘም። የ1983ቱ ሕግ ያልደረሰበት ክፍተት ይህ ነው።

ሙከራ ሁሉ እንደ ታፋሚዲስ አያበቃም። ጉበት ፕሮቲኑን እንዳይሠራ የሚያግድ ሬቩሲራን የተባለ መርፌ በ206 ሰዎች ላይ እየተሞከረ ሳለ በጥቅምት 2016 በድንገት ቆመ። መርፌውን ይወስዱ ከነበሩት የሞቱት ፕላሴቦ ከሚወስዱት በዝተው ስለተገኙ ነው። ሙከራን ከውጭ ሆኖ የሚከታተል ገለልተኛ ኮሚቴ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ መግባት የሚያስብ ሰውም “ይህን ሙከራ ማቆም የሚችለው ማን ነው?” ብሎ ቢጠይቅ ተገቢ ጥያቄ ነው። በዚያው ሐሳብ ላይ የተመሠረተው ሌላው መርፌ ቩትሪሲራን ግን በኋላ ሞትን መቀነሱ ታይቶ በ2025 ለልቡ በሽታ ተፈቅዷል። በ2021 ደግሞ የጉበትን ዘረመል ሰውነት ውስጥ ገብቶ የሚቆርጥ ሕክምና፣ የዚሁ በሽታ የነርቭ መልክ ላለባቸው ስድስት ሰዎች ለንደንና ኦክላንድ ውስጥ ተሰጥቶ ያስገኘው ውጤት ታተመ። ለልብ የተጀመረው ትልቁ ሙከራው በጥቅምት 2025 በአንድ ተሳታፊ ላይ ከባድ የጉበት ጉዳት ታይቶ ለጊዜው እንዲቆም ተደረገ።

በሽተኞችን የማግኘቱን ነገር የለወጠው ግን መድኃኒት ሳይሆን ምስል ነው። ድሮ በሽታውን ለማረጋገጥ ከሰውነት፣ ብዙ ጊዜም ከልብ ራሱ፣ ቁራጭ ሥጋ መውሰድ ግድ ነበር። ለአጥንት ምርመራ የሚሰጥ ጨረር ያለው ንጥረ ነገር በዚህ በሽታ በተያዘ ልብ ላይ እንደሚያበራ ታወቀ። በ2016 የታተመ ዓለም አቀፍ ጥናት፣ የደምና የሽንት ምርመራ ሌላውን ዓይነት አሚሎይድ ካስወገደ፣ ምስሉ ብቻውን እንደሚበቃ አረጋገጠ። ከዚያ ወዲህ በሽታው በየአገሩ መገኘት ጀመረ። 441 ሰው ለማግኘት ሁለት ዓመት ገደማ የተለፋበት በሽታ፣ በኋላ ኤፕሎንተርሰን የተባለ መድኃኒት ሲሞከር ከ1,400 በላይ ሰው ተመዘገበለት።

መብዛቱ የራሱን ፈተና አመጣ። አኮራሚዲስ የተባለው ሌላ ክኒን ሲሞከር በ2021 መጨረሻ የአሥራ ሁለት ወሩ መለኪያ፣ ያው የስድስት ደቂቃ ጉዞ፣ ልዩነት አላሳየም። ፕላሴቦ የወሰዱት ሰዎች ከተጠበቀው በላይ በደህና ተራምደው ነበር፤ ከቀድሞዎቹ ቀደም ብለው የተመረመሩ፣ ያልደከሙ ሰዎች ነበሩና። ብዙዎች መድኃኒቱ ከሸፈ አሉ። ሙከራው ግን እስከ ሠላሳ ወር ቀጥሎ መሥራቱ ታየ፤ በኅዳር 2024 ተፈቀደ። ሌላው ፈተና የሥነ ምግባር ነው። የሚሠራ መድኃኒት እያለ ሰውን ፕላሴቦ ላይ ማቆየት እንዴት ይቻላል? አዳዲሶቹ ሙከራዎች ተሳታፊው ታፋሚዲስ እየወሰደ እንዲገባ በመፍቀድ መልስ ሰጥተዋል፤ በቩትሪሲራኑ ሙከራ ከአሥሩ አራቱ ሲገቡ ይወስዱት ነበር። ታፋሚዲስ በማይደረስበት አገር የሚመዘገበው ሰው ግን ያለው ምርጫ ወይ ዕጣው ወይ ባዶ እጅ ነው፤ እንዲህ ያለው ፈቃደኝነት ምን ያህል ፈቃድ እንደሆነ የሚገባውን ያህል የተወራበት አይመስለኝም።

አሜሪካ ወይም አውሮፓ አባት ወይም አጎት ያለው አንባቢ በተግባር ከየት ይጀምር? ከሙከራዎቹ መዝገብ በፊት ከበሽተኛው የድሮ ካርድ ይጀመር። በሁለቱም እጆች የጣት መደንዘዝ ተሠቃይቶ የእጅ አንጓ ቀዶ ሕክምና ያደረገ፣ የክንዱ ጅማት ያለ ምክንያት የተበጠሰ፣ የወገብ አከርካሪው የጠበበ ሽማግሌ ከዓመታት በኋላ የልብ ድካም ከመጣበት፣ በኤኮ (በልብ አልትራሳውንድ) የልቡ ግድግዳ ወፍሮ በኢሲጂ (በልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) ግን ሞገዱ አጭር ከሆነ፣ “አሚሎይድ ይሆን?” ብሎ የልብ ሐኪሙን መጠየቅ ያስፈልጋል። በሽታው ከተረጋገጠ የዘረመል ምርመራው ይከተላል፤ የሚያስገባውን ሙከራ የሚወስነው እሱ ነው፣ ለልጆቹም ትርጉም አለው።

ከዚያ በካርዱ ላይ የተጻፈውን የበሽታ ስም እንዳለ በእንግሊዝኛ ፊደል ክሊኒካል ትራያልስ ዶት ጎቭ ላይ መፈለግ ነው። ዝርዝሩ ሲወጣ ተሳታፊ በመቀበል ላይ ያሉት ከተዘጉት ይለዩ፤ ከተማው ይታይ፤ የማይገቡት እነማን እንደሆኑ የሚናገረው ክፍል ከሁሉ በፊት ይነበብ፤ የልብ ተከላ፣ የኩላሊት መድከም፣ አንዳንድ መድኃኒት ሰውን የሚያስቀረው እዚያ ነው። ሙከራው መዝገብ ላይ መኖሩ መንግሥት መርምሮ አጽድቆታል ማለት አይደለም፤ ለመሳተፍ ገንዘብ ክፈል የሚል ካለ መጠንቀቅ ነው። በአሜሪካ ከመንግሥት የጤና መድኖች ሜዲኬር ከ2000 ጀምሮ፣ ሜዲኬድ ከጥር 2022 ጀምሮ የሙከራ ተሳታፊን መደበኛ የሕክምና ወጪ ይሸፍናሉ፤ የጉዞና የማደሪያ ገንዘብ ግን ከሙከራው አስተባባሪ ጋር መነጋገርን ይጠይቃል።

እንግሊዝኛ የማይሰሙ አባትና እናት ስለ ቋንቋቸው ሊያፍሩ አይገባም። የአሜሪካ ሕግ የስምምነቱ ቃል ተሳታፊው በሚገባው ቋንቋ እንዲነገረው ያዛል፤ ሙሉው ቅጽ በአማርኛ ካልተዘጋጀ በቃል ተብራርቶ፣ ምስክር ባለበት በአማርኛ አጭር ቅጽ ላይ መፈረም ይፈቀዳል። ልጅ እንዲያስተረጉም አለማድረግ የተሻለ ይመስለኛል፤ ልጅ አባቱ እንዳይደነግጥ ብሎ ሞትን የሚያነሣውን ቃል ይዘለዋልና። ባለሙያ አስተርጓሚ ይጠየቅ፤ ልጁ ጎን ተቀምጦ ያድምጥ። መልስ ሳይሰጥባቸው መነሣት የሌለባቸው ጥያቄዎች ግልጽ ናቸው፦ ፕላሴቦ የሚደርሰኝ ከስንት አንድ ዕድል ነው? አሁን የምወስደውን መድኃኒት እተዋለሁ? ሐሳቤን ብቀይር መውጣት እችላለሁ? ሙከራው ሲያልቅስ መድኃኒቱን ማን ይሰጠኛል? የሕክምና ምርምር ዓለም አቀፍ የሥነ ምግባር ሰነድ የሆነው የሄልሲንኪ መግለጫ የመጨረሻው ጥያቄ መልስ ሙከራው ሳይጀመር እንዲዘጋጅና ለተሳታፊው እንዲነገረው ስለሚጠይቅ፣ በስምምነት ቅጹ ላይ ተጽፎ መገኘት አለበት።